በተዋንያን የተፈረመ የትምህርት ቤት ይርቡክ፦ ከመግዛቴ በፊት ምን ልፈትሽ?

የሰባ ደረጃዋ (ጥያቄ)

ሰላም ቤተሰብ። የሆሊውድ ተዋንያን ተማሪ ሳሉ የወጡባቸውን፣ ለክፍል ጓደኛቸውም በእጃቸው ጽፈው የፈረሙባቸውን ይርቡኮች፣ ማለትም ትምህርት ቤቶች የተማሪዎቻቸውን ፎቶ ይዘው በየዓመቱ የሚያሳትሟቸውን መጻሕፍት፣ ማሰባሰብ ልጀምር ነው። ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ እናንተም እንደዚያው ብታደርጉልኝ አንምታታም።

መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው በአርሊንግተን ቨርጂንያ የዋሽንግተን ሊ ሃይስኩል የ1982 ይርቡክ ላይ ነው፤ ሳንድራ ቡሎክ የጨረሰችበት ዓመት። ሻጩ ከኋላ ሽፋኑ ውስጠኛ ገጽ ላይ የእሷ ማስታወሻና ፊርማ አለበት ይላል። የላከልኝ ፎቶ ሦስት ብቻ ነው፦ ሽፋኑ፣ የእሷ ምስል ያለበት ገጽና ፊርማው በቅርብ ተነስቶ። የትክክለኛነት ሰርተፍኬት አብሬ እሰጣለሁ ብሏል። አሌክሳንድሪያ የምትኖር የአክስቴ ልጅ መጽሐፉን እዚያው ልትቀበልልኝ ትችላለች።

ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ሻጩን ምን ልጠይቀው? ፊርማው የእሷ ለመሆኑስ በምን ይታወቃል? ቤቴ ፒያሳ ያለ የቆየ የድንጋይ ቤት ስለሆነ እዚህ ከደረሰ በኋላ ክረምቱን እንዴት እንደሚያልፍም ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል።


የድሮ መጽሐፍ ወዳጅ

እህቴ፣ ፊርማውን ለጊዜው ተዪውና መጽሐፉ የማን እንደነበር ጠይቂ። ተዋናይዋ የምትፈርመው በራሷ ቅጂ ላይ አይደለም፣ በሌላ ተማሪ ቅጂ ላይ ነው። ያ ተማሪ ስም አለው፣ ክፍል አለው፣ ፎቶው እዚያው መጽሐፍ ውስጥ አለ። ባለቤቱ ያልታወቀ መጽሐፍ ላይ ያለ ፊርማ ብቻውን ምንም አይናገርም።

የባለቤቱ ስም አንዳንዴ ሽፋኑ ላይ በወርቃማ ቀለም ይታተማል፤ ካልሆነም የፊት ሽፋኑ ውስጥ በእጅ ይጻፋል። ሻጩ ይህን ካሳየሽ በኋላ ጓደኞቹ የጻፉለትን ማስታወሻ ሁሉ፣ አንድም ሳይቀር፣ ፎቶ አንስቶ ይላክ። ሌሎቹ ሁሉ ባለቤቱን በስሙ ወይም በቁልምጫው እየጠሩ የተዋናይዋ ጽሑፍ ብቻ ስም ሳይጠራ በደፈናው «መልካም ዕድል» ካለ መጠርጠር ነው። እውነተኛ የተማሪ ማስታወሻ የጋራ ነገር ይጠቅሳል፤ አብረው የተማሩትን ትምህርት፣ አስቸጋሪውን መምህር፣ የክፍል ቀልዱን። ቡሎክ የትምህርት ቤቱ ቺርሊደር፣ ማለትም በስፖርት ውድድር ላይ ደጋፊ የሚያሟሙቀው ቡድን አባል ነበረች። ባለቤቷ ልጅ በዚያ ቡድን ወይም በአንድ ክበብ ፎቶ ላይ አብራት ከቆመች ለጽሑፉ ትልቅ ድጋፍ ይሆናል። መጽሐፉ መጨረሻ ላይ የስም ማውጫ ካለ የሁለቱን ስም አውጪና የገጽ ቁጥሮቻቸው የት እንደሚገናኙ ተመልከቺ።

ቦታውም ይናገራል። በትምህርት መዝጊያ ሰሞን ልጆች የሚጽፉት ባገኙት ክፍት ቦታ ነው፤ ዘመም አድርገው፣ ገልብጠው፣ ሌላው የጻፈውን ዙሪያውን እየተሽከረከሩ። ለሽያጭ ብሎ የሚፈርም ሰው ግን ንጹሕና ለዓይን የሚታይ ቦታ ይመርጣል፤ ብዙ ጊዜ ከራሷ ፎቶ ሥር። ፎቶ ሥር ያለ ሁሉ ሐሰት ነው ማለቴ አይደለም፣ ተማሪዎችም በራሳቸው ፎቶ ላይ ይፈርማሉ። ሆኖም ሌላም ነገር ሊሆን ይችላል፦ ባለቤቱ መጽሐፉን ይዞ ሄዶ ተዋናይዋ ከታወቀች በኋላ አስፈርሟት ይሆናል። ይህ ፊርማ እውነተኛ ነው፣ አንቺ የምትፈልጊው ግን እሱ አይደለም። ዋጋቸውም አንድ ሊሆን አይገባም። ሻጩ የትኛው እንደሆነ በጽሑፍ ይመልስልሽ።

ከዚያ ስሙን ተመልከቺ። በዚሁ ትምህርት ቤት ሸርሊ ማክሌንና ወንድሟ ዋረን ቤቲ ተምረዋል፤ እሷ በ1952፣ እሱ በ1955 ጨርሰዋል። የቤተሰቡ ስም ያኔ በእንግሊዝኛ የሚጻፈው በአንድ «ቲ» ነበር፤ ሁለተኛዋን «ቲ» ዋረን የጨመራት በኋላ ነው፣ እህቱም «ማክሌን»ን እንደ አባት ስም የያዘችው መድረክ ላይ ስትወጣ ነው። ስለዚህ በ1955 መጽሐፍ ላይ ባለ ሁለት «ቲ» ፊርማ ካየሽ ያ ፊርማ ዘግይቶ የተጨመረ ነው። ቶም ክሩዝ በ1980 ኒው ጀርሲ ከሚገኘው ግሌን ሪጅ ሃይስኩል ሲወጣ ስሙ ቶማስ ማፖዘር ነበር። ማሪሊን ሞንሮም ይህን ስም የያዘችው በ1946 ነው፤ ትምህርቷን ሳትጨርስ በ1942 ስታገባ ኖርማ ጂን ነበረች። በ1942 ይርቡክ ላይ «ማሪሊን ሞንሮ» የሚል ፊርማ የሚያሳይሽ ሰው ካለ ጊዜሽን አታባክኚ።

አንድ ትንሽ ነገር፦ ዋሽንግተን ሊ በ2019 ስሙ ዋሽንግተን ሊበርቲ ተብሏል። ሻጩ ማስታወቂያው ላይ አዲሱን ስም ቢጠቀም ችግር የለውም፤ የ1982 ሽፋን ላይ ግን የድሮው ስም መኖር አለበት።

ሰርተፍኬቱ ማተሚያ ያለው ሁሉ የሚያወጣው ወረቀት ነው። በገበያው ክብደት ያላቸው ፒኤስኤ፣ ጄኤስኤና ቤኬት የተባሉት ፊርማ መርማሪ ድርጅቶች የሚሰጧቸው ናቸው፤ የሰርተፍኬቱን ቁጥር ድረ ገጻቸው ላይ አስገብተሽ ማረጋገጥ ትችያለሽ። እነሱም ቢሆኑ የሚሠሩት ከሌላ ናሙና ጋር በማስተያየት ነው። ተዋናይዋ በ17 ዓመቷ የጻፈችው ናሙና ደግሞ እንደ ጎልማሳ ፊርማዋ በየቦታው አይገኝም፤ የአሥራዎቹ ዕድሜ የእጅ ጽሕፈትና ለአድናቂ በሩጫ የሚፈረመው አይመሳሰሉም። ለዚህ ነው ከባለቤቱ ጀምሪ ያልኩሽ።


ሉፕ ያዥ

ጋሼ ያሉት ላይ የቀለሙን ነገር ልጨምር።

የሚያስፈልጉት ዕቃዎች ሁለት ናቸው። አንዱ ወርቅ ሠሪዎች ዓይናቸው ላይ የሚያደርጉት አሥር እጥፍ የሚያጎላ ሉፕ ነው፤ ሌላው ሱቆች ሐሰተኛ ብር የሚለዩበት አልትራቫዮሌት መብራት። ሁለቱንም ፒያሳ ወይም መርካቶ ታገኛለሽ፤ የአክስትሽ ልጅ ግን እዚያው ትግዛ፣ መጽሐፉን መጀመሪያ የምታየው እሷ ስለሆነች።

የመጻፊያው ዕድሜ ከመጽሐፉ ዕድሜ ጋር መስማማት አለበት። እስክሪብቶ አሜሪካ ውስጥ ለሕዝብ የተሸጠው በኦክቶበር 1945 መጨረሻ ኒውዮርክ ላይ ነው። ከዚያ በፊት በነበረ ይርቡክ ላይ የሚጠበቀው የቀለም ብዕር ወይም እርሳስ ነው። ሻርፒ ማርከር የወጣው በ1964 ነው፤ ጄል እስክሪብቶ ደግሞ ጃፓን ውስጥ በ1984። ስለዚህ የአንቺ የ1982 መጽሐፍ ላይ ተራ እስክሪብቶም ማርከርም ቢኖር ያስኬዳል፤ ጄል ከሆነ ግን በትምህርት ቤት ዘመን አልተጻፈም።

በሉፕ ሲታይ እስክሪብቶ ወረቀቱን ተጭኖ እንደ ቦይ ያለ መስመር ይተዋል። ፊደሉ በሚታጠፍበት ቦታ ቅባታም ቀለም ጠብ ብሎ ይገኛል፤ አንዳንዴም የጭረቱ መሐል ለቀቅ ብሎ ይነጣል። የብዕር ቀለም ወረቀቱ ውስጥ ሰርጎ ጠርዙ ይበተናል። የታተመ ፊርማ ከሆነ በተርታ የተደረደሩ ነጠብጣቦች ታያለሽ። ይህን አትናቂው፤ በአንዳንድ ይርቡክ ከየተመራቂው ፎቶ ሥር የራሱ ፊርማ ታትሞ ነው የሚወጣው፣ ያንን «የተፈረመ» ብለው የሚሸጡም አሉ።

እጁ ቸኩሎ የጻፈ ሰው ጭረት መጨረሻው እየቀጠነ ይሄዳል። የሚቀዳ ሰው ግን ቀስ ስለሚል ጫፉ ደነዝ ይላል፤ መስመሩ ይንቀጠቀጣል፤ ሳይነሣ መፍሰስ የነበረበት ፊደል መሐሉ ላይ ብዕር ተነሥቶ እንደገና ሲያርፍ ይታያል። የተዋናይዋ ጽሑፍ ከሌላ ተማሪ ጽሑፍ ጋር የሚቋረጥበት ነጥብ ካለ እዚያ ላይ ረጅም ጊዜ ስጪ። የትኛው ቀለም ከላይ እንዳለ አንዳንዴ በግልጽ ይለያል፤ የእሷ በሁሉም ቦታ ከላይ ከሆነ ወይ እሷ ከሁሉም በኋላ ጽፋለች፣ ወይ ሌላ ሰው በኋላ ጨምሮታል።

ወረቀቱንም አትርሺ። የይርቡክ ውስጠኛ ገጾች አብዛኞቹ ፎቶ እንዲያምርባቸው በነጭ ሸክላ የተለበጡ አንጸባራቂ ወረቀቶች ናቸው። እስክሪብቶ እዚያ ላይ እያዳለጠ ይዘላል፤ የብዕር ቀለም ሳይሰርግ ላዩ ላይ ደርቆ በእጅ ይዳበሳል። ልጆቹ ከሽፋኑ ቀጥሎ ባለው ሸካራ ወረቀት ላይ ተጨናንቀው የሚጽፉት ለዚህ ነው።

አልትራቫዮሌቱ ለወረቀት ነው የሚጠቅምሽ። ከ1950ዎቹ ወዲህ በስፋት ወረቀት ውስጥ የሚገባ ማንጫ አለ፤ መብራቱ ሲያርፍበት ሰማያዊ ሆኖ ይበራል። የፊትና የኋላ ሽፋን ወረቀቶች አንድ ዓይነት መሆን ስላለባቸው አንደኛው ቦግ ብሎ ሌላው ጭልም ካለ ተቀይሯል ማለት ነው። ጄምስ ዲን በ1949 ከጨረሰበት ከኢንዲያናው ፌርማውንት ሃይስኩል የመጣ የሚባል መጽሐፍ ላይ ደግሞ የሚበራ ወረቀት ካየሽ ያ ወረቀት በኋላ የገባ ለመሆኑ ጠንካራ ምልክት ነው። ዲን በ1955 በ24 ዓመቱ ስለሞተ እውነተኛ ፊርማው ጥቂት፣ የሐሰቱ ግን ብዙ ነው፤ ለጀማሪ የእሱን አልመክርም።


የሰባ ደረጃዋ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ፣ ሉፕ ያዥም። ሻጩ የቀሩትን ገጾች ልኳል። የባለቤቷ ስም የፊት ሽፋኑ ውስጥ አለ፤ ፎቶዋም በተመራቂዎቹ መሐል ተገኝቷል። ጽሑፎቹ ሁሉ እሷን በስም ይጠራሉ፣ የተዋናይዋ የተባለውም ጭምር። ያጠራጠረኝ ሌላ ነው። መጽሐፉ ከልክ በላይ አዲስ ይመስላል፤ ጀርባው እንኳ አልላላም። ጽሑፎቹም ሰማያዊውም ቀዩም ጥቁሩም አንድ ዓይነት ልሙጥ ሆነው ነው የሚታዩኝ። ፎቶው ነው ወይስ ሌላ ችግር አለ?


ሉፕ ያዥ

ጥሩ አይተሻል፤ ያልሽው ነገር ዳግም ኅትመት ሊሆን ይችላል። የድሮ ይርቡኮችን ስካን አድርገው በጠንካራ ሽፋን እንደገና እያተሙ የሚሸጡ አሉ፤ ክላስሜትስ የተባለው ድረ ገጽ ይህን በግልጽ፣ ዳግም ኅትመት መሆኑን ተናግሮ ይሠራል። ችግሩ የሚመጣው መጽሐፉ ሁለተኛ ሦስተኛ እጅ ሲደርስ ነው። ስካን የተደረገው ቅጂ የተጻፈበት ከነበረ ጽሑፉም አብሮ ይታተማል፣ የገዛው ሰውም ኦሪጅናል መስሎት ይሸጠዋል። የባለቤቷ ስምና ጽሑፎቹ ሁሉ መስማማታቸው እዚህ ላይ አይረዳሽም፤ ከእውነተኛው ቅጂ የተቀዱ ናቸውና።

መለያው ቀላል ነው። ሻጩ ክፍሉን አጨልሞ የስልኩን መብራት ከገጹ ጎን፣ ከወረቀቱ ጋር ሊነካካ እስኪል ዝቅ አድርጎ ይያዝና ጽሑፉን ከላይ ያንሣው። እስክሪብቶ የጻፈው ከሆነ እያንዳንዱ ጭረት ጥላ የሚጥል ቦይ ይሆናል። ከዚያ ቅጠሉን ገልብጦ ጀርባውን በዚያው ሁኔታ ያንሣ፤ ተጭነው የጻፉት ፊደሎች በግልባጭ አበጥ ብለው መታየት አለባቸው። አንቺ ያልሽው ጽሑፍ ሽፋኑ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ከሆነ ጀርባ የለውም፤ ስለዚህ ትይዩ ባለው ልቅ ቅጠል ላይ የተጻፉትን ያንሣልሽ። አንድም ቦይ፣ አንድም እብጠት ካልታየ መጽሐፉ ታትሞ የመጣ ነው።

ተጨማሪ ምልክት፦ ዳግም ኅትመት ላይ ወደ ስፌቱ የሚጠጉ ቃላት ብዙ ጊዜ ይቆረጣሉ፤ የድሮው ወረቀት እድፍና እጥፋትም እንደ ሥዕል ታትሞ ይገኛል፣ በጣት ሲዳሰስ ግን ወረቀቱ ልሙጥ ነው።


የመጋዘን ሰው

ሻጩ እስኪመልስልሽ ስለ ፍለጋው ልናገር፤ በዚህ ዓይነት ስብስብ ገንዘብ የሚቆጥበው እሱ ነውና።

በተዋናይ ስም አትፈልጊ። በተዋናይ ስም የተለጠፈ መጽሐፍ ዋጋው አስቀድሞ ተሰቅሏል፤ ሐሰተኞቹም የሚከማቹት እዚያው ነው። ትምህርት ቤቱን፣ ከተማውንና ዓመቱን አስገቢና ፍለጋውን ኢቤይ ላይ አስቀምጪው፤ አዲስ ሲወጣ ራሱ ይነግርሻል። «ስካይላይን ኦክላንድ 1974» ብለሽ ብታስቀምጪ ቶም ሃንክስ የጨረሰበትን ትጠብቂያለሽ። የሟች ቤተሰብ ዕቃ በጅምላ ገዝቶ የሚቸረችር ሰው ውስጡ ማን እንዳለ ሳያይ ይለጥፋል።

አንድ ተማሪ በሦስት አራት ዓመት መጽሐፍ ውስጥ ሊኖር ይችላል። ገዢው ሁሉ የሚሻማው የመጨረሻውን ዓመት ነው። ከዚያ በፊት ያሉት የቴምብር ያህል ምስል ቢኖራቸውም ርካሽ ናቸው፤ የክበብና የድራማ ፎቶ ብዙ ጊዜ እነሱ ውስጥ ይገኛል። እንደ ቶም ክሩዝ ትምህርት ቤት ሲቀያይር ላደገ ሰው ደግሞ የትኛው ዓመት የት እንደነበረ አስቀድመሽ ካላጣራሽ ባዶ መጽሐፍ ትገዣለሽ።

መኖሩንም አረጋግጪ። የመመረቂያ ፎቶ መነሣት ግዴታ ስላልሆነ ብዙ መጽሐፍ መጨረሻው ላይ «ፎቶ የሌላቸው» የሚል ዝርዝር አለው። ዴንዘል ዋሽንግተን በ1977 ከፎርደም ዩኒቨርሲቲ ተመርቋል፤ ይህ ብቻውን ግን የዚያ ዓመት መጽሐፍ ውስጥ ፎቶው አለ ለማለት አይበቃም፣ ገጹን ማየት ያስፈልጋል። ማስተርስ የሚሠሩ ተማሪዎችማ ዩኒቨርሲቲ ይርቡክ ውስጥ የሚገቡት ከስንት አንድ ነው። ኢንተርኔት አርካይቭ የተባለው ድረ ገጽ ላይ ብዙ ይርቡክ በነጻ ይነበባል። የምትፈልጊውን እዚያ ካገኘሽ የገጹን ብዛት ጽፈሽ ያዢና ከሻጩ ቅጂ ጋር አስተያዪ። የተዋናዩ ገጽ በምላጭ ተቆርጦ የወጣበት መጽሐፍ ያጋጥማል፤ ስፌቱ ላይ ጉማጁ ቀርቶ ይታያል። የቤተ መጻሕፍት ማኅተም ካለበትም «ከአገልግሎት የወጣ» የሚል ምልክት መኖሩን እዪ፤ ከሌለ አትግዢው፣ የተሰረቀ ሊሆን ይችላል።

የትምህርት ቤቱ ስፋት ዋጋውን ይወስነዋል። ጆርጅ ክሉኒ በ1979 የጨረሰባት የኬንታኪዋ ኦጋስታ ትንሽ ከተማ ናት፤ የታተመውም ቅጂ እንደዚያው ጥቂት ነው። ብራድ ፒት በ1982 የጨረሰበት የስፕሪንግፊልድ ሚዙሪው ኪካፑ ግን ትልቅ ትምህርት ቤት ስለሆነ ያልተፈረመ ቅጂ በትዕግሥት ይገኛል።

ደግሞ መጽሐፉ መቼ እንደታደለ ጠይቂ። በግንቦት የሚታደል መጽሐፍ ትምህርት ሳይዘጋ ስለሚደርስ ጽሑፍ ይሞላበታል። ክረምቱ አልፎ የሚመጣ ግን ተመራቂው ከተበተነ በኋላ ስለሆነ ብዙ ጊዜ ባዶ ነው። በዚህ ሁለተኛው ዓይነት መጽሐፍ ላይ የተመራቂ ተዋናይ ረጅም ማስታወሻ ሲገኝ የት ተገናኝተው እንደጻፈው ማስረዳት የሻጩ ሥራ ነው።


የሰባ ደረጃዋ

ፎቶዎቹ መጡ። መብራቱ ከጎን ሲያርፍ ጭረቶቹ ቦይ አላቸው፤ ልቅ ቅጠሉም ጀርባው አብጧል። የተዋናይዋ የተባለው ጽሑፍ በሰማያዊ እስክሪብቶ ነው፣ አንዲት ሌላ ልጅ በቀይ የጻፈችው ከላዩ ያልፋል። ዳግም ኅትመት አለመሆኑ ደስ ብሎኛል። አሁን ወደ ማጓጓዙና ወደ አቀማመጡ ብንሄድ?


የድሮ መጽሐፍ ወዳጅ

ቀዩ ከላይ ማለፉ መልካም ምልክት ነው። ያው፣ የአክስትሽ ልጅ በሉፕ እስክታየው ድረስ ሻጩ የመመለሻ ቀን በጽሑፍ ይስጥሽ። መጽሐፉን ከየት እንዳገኘው፣ ከባለቤቷ ቤተሰብ ይሁን ከጨረታ፣ በአንድ ገጽ ጽፎ ይፈርምበት። ያንን ወረቀት፣ ደረሰኙንና የማስታወቂያውን ቅጂ አትመሽ በአንድ ፖስታ አስቀምጪ፤ መጽሐፉ ውስጥ ግን አትጨምሪው፣ ጀርባውን ያላላዋል። ነገ የሚገዛሽ ሰው የሚጠይቅሽ እሱን ነው።


ሻንጣ

ማጓጓዙን ለእኔ ተዉልኝ።

ከሻጩ እስከ አሌክሳንድሪያ ሚዲያ ሜይል የሚባለው የአሜሪካ ፖስታ ቤት አገልግሎት ለመጻሕፍት ርካሽ ነው፤ ግን ዘገምተኛ ነው፣ ፖስታ ቤቱም ከፍቶ ሊያየው ይችላል። ዋጋው ለሚያሳስብ መጽሐፍ ሬጅስተርድ ሜይል በኢንሹራንስ ይላክ። ሚዲያ ሜይል ከአሜሪካ ውጭ አይሠራም፤ ሻጭ «በሚዲያ ሜይል አዲስ አበባ እልካለሁ» ካለ አላወቀም።

እሽጉ እንዲህ ይሁን። መጽሐፉ መጀመሪያ በንጹሕ ነጭ ወረቀት ይጠቅለል፤ አረፋ ፕላስቲክ በቀጥታ ሽፋኑ ላይ ከተደረገ በሙቀት ክብ ክብ ምልክት ይተዋል። ከዚያ ከላይና ከታች ከመጽሐፉ በሁለት ጣት የሚሰፋ ካርቶን ተደርጎ ማዕዘኖቹ ይጠበቁ፤ የሚሰበረው ሁልጊዜ ማዕዘን ነው። ይህ ሁሉ አንድ ካርቶን ውስጥ፣ ያም ካርቶን ሌላ ካርቶን ውስጥ ይግባ፣ ሲወዘወዝ ድምፅ እንዳይሰማ።

ከዚያ ወዲህ የሚመጣ ሰው ፈልጊ። ከዋሽንግተኑ ዱለስ አየር ማረፊያ ቦሌ ድረስ አየር መንገዳችን አለ። አንድ ይርቡክ አንድ ኪሎ ተኩል እስከ ሁለት ኪሎ ቢመዝን ነው፤ በኢኮኖሚ የእጅ ሻንጣ የሚፈቀደው ሰባት ኪሎ ስለሆነ ሰው እንዳይጨነቅብሽ ሚዛኑን አስቀድመሽ ንገሪው። የሚጫነው ሻንጣ ውስጥ እንዳይገባ አደራ በዪ፤ ሻንጣው ይወረወራል፣ ቅባትና ሽቶም አብሮት አለ።

በፖስታ ከመጣ የምትረከቢው ቸርችል ጎዳና ካለው ዋናው ፖስታ ቤት ነው። መታወቂያና የክፍያ ደረሰኝ ይዘሽ ሂጂ፤ እሽጉ ጉምሩክ ባለበት ይከፈታል። ምላጭ ወደ ውስጥ እንዳይገባ ከላይ «መጽሐፍ፣ በቀስታ ይከፈት» ተብሎ ቢጻፍበት ጥሩ ነው። ላኪው ዋጋውን ዝቅ አድርጎ እንዳይሞላ፤ ዕቃው ቢጠፋ የሚተካው የተሞላው ብቻ ነው።


ጠራዥ

አቀማመጡን እኔ ልበል፤ የአዲስ አበባ ክረምት ለዚህ ዓይነት ወረቀት ክፉ ነው።

ቅድም ሉፕ ያዥ ያለው የሸክላ ልባጭ ውሃ ሲነካው እንደ ሙጫ ይሆናል። ጣሪያ አንጠባጥቦ መጽሐፉ ከራሰ ገጾቹ ተጣብቀው እስኪደርቁ የሚፈጀው ሰዓታት ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚላቀቁት ፊትና ፊደል እየገሸለጡ ነው። ስለዚህ የራሰ መጽሐፍ ፀሐይ ላይ አይሰጣም፣ ገጹም በግድ አይገለጥም። በንጹሕ ፕላስቲክ ጠቅልለሽ ወዲያው ፍሪዘር ውስጥ አስገቢው። በረዶ ሆኖ እስካለ አይጣበቅም፤ የሚያውቅ ሰው እስክታገኚ ጊዜ ይሰጥሻል።

ዕርጥበቱ ከ35 እስከ 50 በመቶ መሐል ቢሆን ጥሩ ነው። ትንሽ የዕርጥበት መለኪያ ግዢና መደርደሪያው ላይ አስቀምጪ። የድንጋይ ቤት የውጭ ግድግዳ በሐምሌና በነሐሴ ያልባል፤ መደርደሪያሽ የውስጥ ግድግዳ ላይ ይሁን፣ ከግድግዳውም አንድ ስንዝር ይራቅ፣ ከወለልም ከፍ ይበል። ቁጥሩ ከ60 ካላለፈ ከዚያ በላይ አትድከሚ። ካለፈ መጽሐፉን ክዳኑ ጥብቅ በሆነ የፕላስቲክ ሳጥን ውስጥ አድርጊና ሁለት መቶ ግራም ያህል ሲሊካ ጄል ጨምሪ፤ መለኪያውን አብረሽ ክተቺ። ቀለሙ የሚለወጠውን ዓይነት ከገዛሽ ሲጠግብ በምድጃ 110 ዲግሪ አካባቢ አድርቀሽ መልሰሽ ትጠቀሚበታለሽ። በጥቅምት አውጪው፤ በበጋው አየር ላይ ሲሊካ ከተጨመረ ሙጫው ይደርቅና ጀርባው ይሰነጠቃል።

ለመጠቅለያ ከሁሉ የሚሻለው አቡጀዲ ነው። ስታርቹ እስኪለቅ ሁለቴ በሙቅ ውሃ እጠቢው፣ በረኪና አታስነኪው፣ በደንብ ከደረቀ በኋላ ጠቅልይበት። የደብተር መሸፈኛ የሚባለውን ለስላሳ ፕላስቲክ ፈጽሞ እንዳታለብሺው፤ ውስጡ ያለው ማለስለሻ እየወጣ የእስክሪብቶ ቀለም ይስባል፣ ፊርማው ፕላስቲኩ ላይ ተገልብጦ ታገኚዋለሽ። ናፍታሊንም አይግባ። ብል ወይም ሌላ ተባይ ካየሽ በፕላስቲክ አየር ሳይገባው አሽገሽ ከዜሮ በታች 18 በሆነ ፍሪዘር ሁለት ሳምንት አቆዪው፤ ስታወጪውም እሽጉን ሳትፈቺ አንድ ሙሉ ቀን ይረፍ፣ አለበለዚያ የአየሩ እርጥበት ወረቀቱ ላይ እንደ ጤዛ ይወርዳል።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምንሻለሁ፤ ጀርባው ላልቷል ብለሽ ለጥረዛ ቤት እንዳትሰጪ። ጥረዛ ላይ ጠርዙን ለማስተካከል መቁረጫ ውስጥ ይገባል፤ ልጆቹ ጠርዝ ላይ የጻፉት ሁሉ ከቅራፊው ጋር ይሄዳል። ስኮችም አይለጠፍበት። ግድግዳ ላይ ማየት ከፈለግሽ ገጹን ፎቶ አንስተሽ አሳትሚና ያንን ፍሬም አድርጊው። ለፎቶውም መጽሐፉን ዘርጥጠሽ ስካነር ላይ አትጫኚው፤ ከሁለቱም ሽፋን ሥር ፎጣ ደግፈሽ ከ120 ዲግሪ ሳያልፍ ከፍተሽ አንሺው። የከተማችን ፀሐይ ከዚህ ከፍታ ላይ ኃይለኛ ነው፤ የማርከር ፊርማ መስኮት ዳር ከተቀመጠ በወራት ውስጥ ይገረጣል።


ላስት ወርድ

ሁሉም ሰው ስለ አሜሪካ አወራ፤ እኔ ደግሞ አጠገባችን ያለውን ላንሣ። የኛ ተመራቂዎች መጽሔት ከይርቡክ በምን ያንሳል? የዛሬ ተዋናይ የትናንት ተመራቂ ነው፤ ፎቶው ከነላስት ወርዱ እዚያ አለ። በተለይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴአትር ጥበባት ክፍል በ1970ዎቹ መጨረሻ ከተከፈተ ወዲህ ስንቱን ለመድረክና ለፊልም አብቅቷል።

ፍለጋውን ከስድስት ኪሎና ከአራት ኪሎ አሮጌ መጽሐፍ ሻጮች ጀምረሽ ወደ ብሔራዊ ቴአትርና ለገሃር ውረጂ። የፒያሳ ብዙው ክፍል ከፈረሰ ወዲህ የተበተኑ ሻጮች ስላሉ የምታውቂውን ሰው አዲስ ቦታ ጠይቀሽ ያዢ። «የምረቃ መጽሔት» ብለሽ ጠይቂ፤ ብዙዎቹ ከፈተና ወረቀትና ከሞጁል ጋር ቀላቅለው ነው የሚያስቀምጡት። ከመጽሔቱ ሌላ የኦቶግራፍ ደብተር የሚባለውንም አትለፊ፤ ሃይስኩል ሲጨረስ ጓደኛ ለጓደኛ የሚጽፍበት እሱ ነው፣ በእጅ የተጻፈ ነገር የሚገኘውም በብዛት እዚያ ነው።

ችግራቸው የተለየ ነው። አብዛኞቹ በስፌት ሳይሆን በሙጫ ብቻ ስለተያዙ አንዴ ሲዘረጠጡ ቅጠላቸው ይረግፋል፤ የገጹን ተራ ሳታዪ አትክፈዪ። በስቴፕል የተያዙት ደግሞ ስቴፕሉ ዝጎ ወረቀቱን ይበላዋል፤ በእንጨት ቁራጭ ቀስ ብለሽ ቀና አድርገሽ አውጪውና በነጭ የጥጥ ክር በዚያው ቀዳዳ አስሪው። ፈሳሽ ቀለም በሚረጭ ማተሚያ (ኢንክጄት) የወጡት እርጥብ ጣት ሲነካቸው ይለቃሉ። ፊርማ ካለባቸው ደግሞ ያው ጋሼ ያሉት ነው፤ የደብተሩ ባለቤት ማን ነው?


የሰባ ደረጃዋ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጽሑፉን እዚህ ብለጥፈው ታዩልኛላችሁ?


የመጋዘን ሰው

ለጥፊው፤ ግን ከመለጠፍሽ በፊት የባለቤቷን ስም፣ ልጆቹ ከማስታወሻቸው ሥር የጻፉትን የቤት ስልክና አድራሻ ሁሉ ሸፍኚ። የዚያን ጊዜ ቁጥር ዛሬም የወላጆቻቸው ቤት ሊሆን ይችላል። እኛ የምንፈልገው ሦስት ፎቶ ነው፦ ሙሉ ገጹ ከላይ፣ ያው ገጽ መብራቱ ከጎን ሆኖ፣ እና ቀዩ ሰማያዊውን የሚያቋርጥበት ነጥብ በሉፕ ውስጥ፣ ከአጠገቡ ማስመሪያ ተቀምጦ።